ለቀብር ድንኳን አለን፣ ለፀሐይ ወንበር የለንም

(ደሴ ውስጥ በአንድ ሰፈር ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ስብሰባ ላይ በአንዲት ጡረተኛ ነርስ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የቅሬያችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ መስከረም 21 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆች 1990 የአረጋውያን ቀን ይሁን ብሎ የወሰነው ቀን ነው። ዳኛችን ጠርተውኝ «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ስለ አረጋውያን ጤና አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ዓይን ሞራ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ወረቀቱ ይኸው በእጄ አለ። ጊዜ ከተረፈኝ አነበዋለሁ፤ የሚተርፈኝ ግን አይመስለኝም። የመጣሁት ስለ ሙቀት ልናገር ነው።

እናንተ የደሴ ሰዎች ናችሁ፤ ብርድ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ኮታችንን እናወልቃለን፣ ስንመለስ መልሰን እንለብሳለን። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ፀሐይዋም ከሰዓት በኋላ ቶሎ ጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባብናለች። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት ጥርስ ላለው ነው። ጥርስ የሌላቸውን አዛውንት በጋቢ ጠቅልለን ጓዳ እናስተኛቸዋለን፤ መጋረጃውን እንዘጋለን፤ «ይረፉ» እንላለን። ከምን ነው የሚያርፉት?

እናቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ዘጠና ዓመት ካለፋት በኋላ ዓይኗ ጠፋ፣ ጆሮዋ ደከመ፣ በመጨረሻም የእኔን ስም ረሳችው። እኔም እንደ ሁላችሁ ጓዳ አስተኛኋት። አበላታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ። ነርስ አይደለሁ? አንድ የኅዳር ጠዋት ግን ክፍሏን አጥቤ እስኪደርቅ ድረስ በር ላይ በርጩማ አድርጌ፣ ጀርባዋን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ፀሐይ በግራ ጉንጯ በኩል መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሰች ሴት ፊቷን ወደ ሙቀቱ አዞረች። ቀስ ብላ ከጋቢው ውስጥ እጇን አወጣች፤ መዳፏን ዘረጋች። ከዚያ ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አንድ ነገር እያነሱ ይጥላሉ፣ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። መጀመሪያ የሚያንቀጠቅጣት መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ ጎንበስ ስል «ተሰጣ?» አለችኝ።

በርበሬ እየለቀመች ነበር። ፀሐይዋ ፊቷን ስትነካት፣ አርባ ዓመት በርበሬ ያሰጣችበት ግቢ ተመለሰላት። እኔ ስሟን ብጠራት፣ ብጮህባት፣ ፎቶግራፍ ባሳያት ያላገኘሁትን ፀሐይ አገኘችው። «ተሰጥቷል እማ፣ ደርቋል» አልኳት። ሳቀች።

ይህ ተአምር አይደለም። ዓይንና ጆሮ ሲዘጉ ቆዳ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ይደክማል እንጂ ጨርሶ አይዘጋም። ከፀሐይና ከፍም የሚመጣው ሙቀት ደግሞ አየሩ እስኪሞቅ አይጠብቅም፤ በጨረር ቀጥታ መጥቶ ቆዳ ላይ ያርፋል። ዊልያም ኸርሸል የሚባል የሰማይ ተመራማሪ በፈረንጆች 1800 ብርሃንን ሲበትን፣ ከቀዩ ቀለም ቀጥሎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ ሲልበት ያገኘው ይህንኑ ነው። እናቴ ያለ ቴርሞሜትር ታውቀው ነበር። ሙቀቱ ላይ ደግሞ እጅ ጨምሩበት። ቆዳችን ውስጥ ዝግ ላለ፣ ለስላሳ ዳሰሳ ብቻ የተሠሩ ነርቮች አሉ፤ ከሁሉ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሄድና እጁ እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ ሲሆን ነው። ሕፃን የምናባብልበት ፍጥነት ማለት ነው። ለሕፃን እናውቅበታለን፤ ለአዛውንት ሲሆን እጃችን የሚሄደው ሳህን እንደሚያጥብ ሰው ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልንገራችሁ።

ክረምት ገባ፣ ፀሐይ ጠፋች። የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሽቦው የሚቀላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አመጣልን። እግሯ ሥር፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት አስቀመጥኩት። ደስ አላት፣ እግሯን ዘረጋች። ጎረቤት ቡና ጠራችኝ። አቦል ጠጥቼ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ፤ ወሬው ጣፈጠ፣ እስከ በረካ ተቀመጥኩ። ስመለስ እናቴ ፈገግ ብላ አንቀላፍታለች። ቅልጥሟ ላይ ውኃ የቋጠረ፣ የመዳፍ ያህል እብጠት ወጥቷል። አልጮኸችም፣ እግሯንም አልሰበሰበችም። ያ ቁስል እስኪድን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ የሰው ቁስል አጥቤያለሁ፤ ያንን በገዛ እጄ አቆሰልኩት።

ለምን አልጮኸችም? የአዛውንት ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስደው የደም ዝውውርም ያንሳል። ነርቩ ዘግይቶ ይናገራል፤ ስኳር ያለበት ሰው እግር ጭራሽ ላይናገር ይችላል። አእምሮው የደከመ ሰው ደግሞ ቢሰማውም «አቃጠለኝ» የሚለው ቃል ይጠፋበታል። ቆዳ ለመቃጠል የግድ እሳት መንካት የለበትም። 44 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ለእኛ ደስ የሚል ሙቀት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ ይቃጠላል። ዲግሪው ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ደቂቃ፣ ደቂቃው ወደ ሰከንድ ያጥራል። ምድጃ ሥር ሲቀመጡ የኖሩ እናቶቻችን ቅልጥም ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት አይታችኋል። የእሳት ምልክት ነው፤ አልፎ አልፎም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ይለወጣል።

ስለዚህ ማሞቂያው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ለትንሽ ማሞቂያ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት የሚደርሰው ሙቀት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ፊት ላይ አይነጣጠር፤ የጋቢው ዘርፍ አይጠጋው። የሚያቃጥል የወገብ ቅባት ተቀብተው እንደሆነ በዚያ ቀን ማሞቂያ ይቅር። እጃችሁን እርሳቸው እግር ጎን አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፤ እናንተን ካንገበገባችሁ እርሳቸውን እየጠበሳችኋቸው ነው። በየአምስት ደቂቃው ቆዳውን እዩ፤ በሩብ ሰዓት አጥፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጎናቸው ሰው ሳይኖር አይበራም። ሙቀቱ ያለ ሰው ከሚሆን ብርዱ ይሻላል።

ከሰሉንስ! «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» የምትሉ እስቲ እጅ አውጡ። አታወጡም፤ አውቃለሁ። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችንን ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ወጣቱ ራሱን አሞት ይወጣል። አዛውንቱ ሲያንቀላፉ፣ ሲወላገዱ፣ «እርጅና ነው» ብለን በሩን ገርበብ አድርገን እንሄዳለን። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የመጡልኝን አልቆጥርላችሁም። ማንደጃውን ፈልጋችሁ ጓዳ አግኝታችሁት ከሆነ ዛሬ ማታ ይውጣ!

ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ይህ ቅሬ ስንት ድንኳን አለው? ሁለት። ስንት ወንበር? ዳኛችን ያውቃሉ፤ መጋዘኑ ሞልቶ ተደራርቦ ነው ያለው። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ጀበናው ሳይቀር አለ። ሰው በሞተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፤ እኔ አልቃወምም፣ የሚያኮራን ነው። ግን እትዬ እገሌ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጓዳ ሳይወጡ ሲኖሩ አንድ የቅሬ ወንበር ደጃቸው ደርሶ ያውቃል? ለቀብር ድንኳን አለን፣ ለፀሐይ ወንበር የለንም! ሲሞቱ አራት ሰው ተሸክሞ ያወጣቸዋል፤ በሕይወት እያሉ ሁለት ሰው ደግፎ በር ላይ የሚያስቀምጣቸው ይጠፋል! አንድ ሠርቼበት የነበረ የጤና ተቋም እንኳ በምሥራቅ በኩል ሰፊ መስኮት ነበረው፤ መጋረጃው ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም ነበር፣ እንዳይደበዝዝ ተብሎ። መጋረጃው!

አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ውኃ አጠጧቸው። ሙቀት የደም ሥር ስለሚያሰፋ ከፀሐይ ሲነሡ ያዞራቸዋልና ጥቂት አስቀምጣችሁ አንሷቸው። በመስታወት የመጣች ፀሐይ ታሞቃለች፣ ቫይታሚን ዲ ግን አትሰጥም። ራሳቸውን በነጠላ ሸፍኑ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የምጠይቀው መደገፊያ ያላቸው አሥር ወንበሮችና ፀሐይ ያለበት የመጋዘኑ ግቢ ነው። ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ቀብር በሌለበት ቀን። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ወጣቶቹ ተራ ገብታችሁ ደግፋችሁ ታመጣላችሁ፤ አጠገባቸውም ትቀመጣላችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ።

ዳኛችን፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሥር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። የስኳሩን ወረቀት ለጸሐፊያችን እሰጠዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፈው።