«ተዘግቷል» ስለምትለው ቃል

የተከበራችሁ መምህራን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የአስተዳደር ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከኋላ በሩ አጠገብ የቆማችሁ የአይቲ ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ።

ልጆቹ ለምን እንደቆሙ አውቃለሁ። ስልክ ከተደወለ ሮጠው ሊወጡ ነው። ዛሬ ግን ተቀመጡ። የሚደውሉላችሁ ሰዎች በሙሉ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

ፕሮግራሙ ላይ «የኮምፒውተር አገልግሎትና ድጋፍ ዓመታዊ ሪፖርት» ይላል። ሪፖርቱ አለ። 32 ገጽ ነው፣ ግራፍ አለው፣ ግራፉም ወደ ላይ ይወጣል። በኢሜይል እልክላችኋለሁ። ስንቶቻችሁ እንደምትከፍቱት ስለማውቅ እዚህ አላነበውም። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ልናገር ነው። የእርዳታ ጥያቄያችሁ አለቀ ስንል የምንጽፋት፣ «ተዘግቷል» ስለምትለው።

ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ። ድሮ በየሕንፃው ደረጃው ሥር፣ የአሮጌ ኪቦርድ ክምር የሞላባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ቴክኒሻን አለ። ኮምፒውተር ሲያስቸግራችሁ በሩን ታንኳኳላችሁ፣ «እባክህ ድረስልኝ» ትሉታላችሁ፣ ይመጣል። የማን ማሽን ቶሎ እንደሚግል፣ የቱ ክፍል ሶኬት እንደሚላቀቅ፣ የማን ፕሪንተር ልክ በፈተና ሰሞን እንደሚያኮርፍ በቃሉ ያውቃል። ከዚያ ሁሉንም ሰብስበን ወደ አንድ ማዕከል አስገባናቸው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሰርቨሩ፣ ኔትወርኩ፣ የሶፍትዌር ላይሰንሱ በአንድ እጅ ቢያዝ ይሻላል፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ጥፋታችን ሰውንም እንደ ሰርቨር መሰብሰባችን ነው። ለእናንተ የተረፋችሁ «ትኬት ቁረጡ»፣ ማለትም ጥያቄያችሁን ሲስተሙ ላይ አስመዝግቡ፣ የሚል መልስ ሆነ። የአውቶቡስ ትኬት የቆረጠ ሰው ቢያንስ መነሻ ሰዓቱን ያውቃል። እናንተ ያንንም አታውቁም።

ባለፈው ሴሚስተር የሆነውን ላጫውታችሁ። ባለታሪኳ መምህርት እዚህ አሉ። ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ክፍል 204። የስታቲስቲክስ ትምህርት፣ 180 ተማሪ፣ 50 ደቂቃ። መምህርቷ አዲሱን ላፕቶፕ ይዘው ገቡ። የሰጠናቸው እኛ ነን። ቀጭን፣ ቀላል፣ ሲያዩት የሚያምር። ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ሁለቱም ዩኤስቢ-ሲ። ከግድግዳው የተንጠለጠለው የፕሮጀክተር ኬብል ጫፍ ደግሞ ያቺ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ናት። ቪጂኤ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከእነዚያ ተማሪዎች አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም። ላፕቶፑን ስንገዛ ስለ ፕሮሰሰሩ ተከራክረናል፣ ስለ ሜሞሪው ተከራክረናል፣ የቦርሳው ቀለም ሳይቀር አጨቃጭቆናል። «ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?» ያለ ሰው የለም። በየቀኑ ኬብል የሚሰኩት ልጆች ኮሚቴው ውስጥ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ኬብል ከሰካሁ ዓመታት አልፈውኛል።

መምህርቷ ደወሉ። «ትኬት ያስገቡ» ተባሉ። ትኬት ለማስገባት ሲስተሙ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ፓስወርዳቸው ደግሞ 90 ቀኑ ሞልቶ በዚያው ጠዋት ጊዜው አልፎበታል። አዲስ ለማውጣት ኮድ ይላካል። ኮዱ የሚላከው ወደ ኢሜይላቸው ነው። ኢሜይሉ የሚከፈተው በፓስወርዱ ነው።

መሳቅ ትችላላችሁ። እሳቸው ግን 180 ተማሪ ፊት ቆመው ነበርና አልሳቁም።

በመጨረሻ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በራሷ ስም ትኬቱን አስገባችላቸው። 25 ደቂቃ አልፏል። የቀረውን ግማሽ በደረቀ ማርከር ሰሌዳ ላይ ግራፍ እየሳሉ ጨረሱት። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች የመምህርቷን ክንድ እንጂ ግራፉን አላዩም።

የእኛ ልጅ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ክፍሉ ባዶ ነበር። የራሱን አሮጌ ላፕቶፕ አወጣ፣ ቪጂኤውን ሰካ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፦ «ችግሩ አልተገኘም። ተዘግቷል።»

ልጁን እንዳትቆጡብኝ። በዚያን ቀን ብቻ 23 ጥሪ ነበረበት። የምትቆጡት እኔን ነው። ምክንያቱም ትኬቱ ከገባ በሦስት ሰዓት ተዘግቷል፤ ግባችን ደግሞ በአራት ሰዓት ውስጥ መዝጋት ነው። ሪፖርቴ ላይ ያቺ ማክሰኞ በአረንጓዴ ነው የተቀባችው።

ነገሩ በሚቀጥለው ሳምንትም ተደገመ። በሦስተኛው ሳምንት መምህርቷ መደወል ተዉ። ከኪሳቸው አዳፕተር ገዙ። ግራፌ ምን አለ? «ከክፍል 204 የሚመጣ ቅሬታ ዜሮ ሆኗል» አለ። እናንተ ተስፋ በቆረጣችሁ ቁጥር የእኔ ሪፖርት ያምራል ማለት ነው! እንዲህ ያለውን ሪፖርት ሦስት ዓመት ፈርሜ አቅርቤያለሁ። እዚሁ መድረክ ላይ ተጨብጭቦልኛልም። ብቻ ዛሬ ጭብጨባችንን መልስልን እንዳትሉኝ።

ስለዚህ አስተዳደሩ ባለበት ልናገር። ጥያቄ ተዘጋ የሚባለው ጠያቂው «አዎ፣ ሠራልኝ» ሲል ነው። ከዚያ በፊት እኔም ብሆን አልዘጋውም። ከአሁን በኋላ የምንቆጥረውም የባከነ የክፍል ሰዓት ይሁን። 180 ተማሪ በ25 ደቂቃ አባዙት፤ 75 ሰዓት ነው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መሰኪያ ምክንያት! እያንዳንዱ ሕንፃም ቴክኒሻኑን መልሶ ያግኝ። ስልክ ቁጥሩ በየክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። የሚገዛው ዕቃ ላይም ከኔ ቀድሞ እሱ ይጠየቅ። «በጀት የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማንም ያልጠየቀውን ስማርት ሰሌዳ ስንገዛ በጀት ነበረ። ዛሬ ያ ሰሌዳ ላይ በማይጠፋ ማርከር የፈተና ቀን ተጽፎበታል። ቀኑም አልፏል።

ፓስወርድ በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚለውን ደንብ በዚህ ሴሚስተር አስቀረዋለሁ። ደንቡን ያመጣነው ለደህንነት ብለን ነበር። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ፓስወርድ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም ብሏል። ሰው ሲገደድ ምን እንደሚያደርግ እናንተው ታውቃላችሁ። መጨረሻው ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ይቀይራል። ከዚያ በቢጫ ወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል። እኔም ለጥፌ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልዙር። የእኛን ጥፋት ከነገርኳችሁ የእናንተንም ቻሉኝ።

የስምንት ዓመት የምርምር ዳታ በአንድ ፍላሽ ይዞ የሚዞር መምህር እዚህ ውስጥ አለ። ፍላሹ ከመኪና ቁልፉ ጋር ነው የታሰረው። እባካችሁ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዷ ከሕንፃው ውጪ። ያም ሆኖ ቅጂ አለኝ ብሎ መተኛት የለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ላይ 77 ቴራባይት የምርምር ዳታ ጠፍቷል። ያጠፋው ራሱ የባክአፕ ፕሮግራሙ ነው። የቆዩ ሎጎችን፣ ማለትም የሲስተሙን የሥራ መዝገቦች፣ ብቻ እንዲያጸዳ የተጻፈ ስክሪፕት ተሳስቶ የተመራማሪዎቹን ፋይል ጠረገው። ቅጂያችሁን አልፎ አልፎ ክፈቱትና እዩት።

የማታውቁት ሰው የላከላችሁን ሊንክም አትጫኑ። የኔዘርላንድሱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሲስተሙ በራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ፕሮግራም፣ ተቆልፎበት 30 ቢትኮይን ከፍሏል። መነሻው ከሁለት ወር በፊት የተከፈተ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ነበር።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽናችሁን አምጡልን። አንዳንዱ 11ን አይቀበልም፤ እሱን እንነጋገርበታለን። የአድሚን መብት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ፕሮግራም በራሳችሁ የመጫን ፈቃድ፣ ጉዳይም አለ። እሱ ግን ያጣላናል፤ ሰዓቴም አልቋል።

አንድ ነገር ብቻ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል 204 ኬብሉን ልንቀይረው እንሄዳለን። ኤችዲኤምአይም ዩኤስቢ-ሲም ይኖረዋል። ዛሬ ጠዋት ሄደን ነበር፤ በሩ ተቆልፎ ስላገኘነው ተመለስን። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ስትወጡ ከኋላ ላሉት ልጆች ንገሯቸው። ትኬት አያስፈልግም።