የበሰበሰውን ፒየር ማን ያድስልን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ብዙዎቻችሁ የደወላችሁት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ስላሉት የሕዝብ ዓሣ ማጥመጃ ፒየሮች፣ ማለትም ከዳር ወደ ውኃው ስለሚዘልቁት መቆሚያዎች ነው። ሐዋሳ ወይም ጣና ላይ መንጠቆ እየጣለ ያደገ ሰው እዚህ አካባቢ ብዙ መሆኑን ያወቅነው በስልኩ ብዛት ነው።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የምናጠምድበት ፒየር ጣውላው በስብሷል። መንግሥት ለዚህ ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። ማኅበራችን መጠየቅ ይችላል?

መልስ፦ ግራንቱ አለ። ገንዘቡም ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ከእርስዎ ኪስ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት የማጥመጃ ዕቃ አምራቹ ወይም አስመጪው 10 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል። ደረሰኝ ላይ አያዩትም፣ ዋጋው ውስጥ ተደብቋል። በ1984 ደግሞ የሞተር ጀልባ ነዳጅ ግብር ተጨመረበት። ገንዘቡ ለስቴቶች ሲከፋፈል 60 በመቶው የሚሰላው ላይሰንስ (የማጥመጃ ፈቃድ) ባላቸው አጥማጆች ቁጥር ነው። «ማን ያየኛል» ብሎ ያለ ላይሰንስ የሚያጠምድ ሰው የስቴቱን ድርሻ እየቀነሰ ነው። ይህችን ለጓደኞችዎ ይንገሩልኝ።

ማኅበራችሁ ግን በቀጥታ አይቀበልም። የፌዴራሉ ገንዘብ የሚሄደው ለስቴቱ የዓሣ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፒየሩ የማን እንደሆነ አጣሩ። የካውንቲ ነው? የከተማው? የስቴት ፓርክ? ካምብሪጅ ሄዳችሁ ቾፕታንክ ወንዝ ላይ አጥምዳችሁ ከሆነ፣ የቆማችሁበት በ1935 የተከፈተው አሮጌ የመኪና ድልድይ ነው። አዲሱ ሲሠራ የአሮጌውን መሃል አንሥተው ጫፍና ጫፉን ለአጥማጅ ተዉት። ያ የስቴት ፓርክ ስለሆነ ካውንቲው ጋ ብትሄዱ መልስ አታገኙም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሌላም በር አለ። ጀልባ ሲገዛ ከሚከፈለው 5 በመቶ ቀረጥ የሚሞላ ፈንድ አለ፣ የአካባቢ መስተዳድሮች ለሕዝብ ጀልባ ማውረጃና ማቆሚያ ይጠይቁበታል። ከፒየራችሁ አጠገብ ጀልባ ማውረጃ ካለ ይህን ለካውንቲው አንሡት።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ አባቴ በዊልቸር ነው የሚሄዱት። የፒየሩ መደገፊያ ብረት ፊታቸው ላይ ነው የሚደርሰው። መንጠቆ መጣል አልቻሉም። ለማን አቤት ልበል?

መልስ፦ አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ሜትር ይያዙ። የአካል ጉዳተኞችን ተደራሽነት የሚወስነው እ.ኤ.አ. የ2010 የፌዴራል ደረጃ አዲስ ለሚሠራና ለሚታደስ የማጥመጃ ፒየር ቁጥር አስቀምጧል። መደገፊያ ካለ ቢያንስ ሩብ ያህሉ ከ34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። ዝቅ ያለውንም ክፍል አንድ ጥግ ላይ ሰብስቦ መገላገል አይቻልም፣ በፒየሩ ላይ መሰራጨት አለበት። ከፊቱ ለዊልቸር 30 በ48 ኢንች ባዶ ቦታ ይፈለጋል። ለክተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ቁጥሩን ይጻፉ። «አባቴ ተቸግረዋል» የሚል ደብዳቤ ያሳዝናል፣ «መደገፊያው በሙሉ 42 ኢንች ነው» የሚል ግን ሥራ ያስጀምራል።

እርስዎ ቨርጂኒያ ስላሉ ዕድል አለዎት። የስቴቱ የባሕር ሀብት ኮሚሽን ከጨው ውኃ ማጥመጃ ላይሰንስ የሚገባውን ገንዘብ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ማሻሻያ በተለየ ፈንድ ይይዛል። ማመልከቻውን አማካሪ ቦርድ ያየዋል፣ ኮሚሽኑ ይወስናል። ለዚሁ ገንዘብ የሚፎካከሩዎት የምርምርና የሰው ሠራሽ ዓሣ መጠለያ ሥራዎች ስለሆኑ የከተማውን ፓርኮች ክፍል ከጎንዎ ያሰልፉ።

ጥያቄ፣ ከውድብሪጅ፦ ፌዴራል ከሥራው ወጪ 75 በመቶ ብቻ ነው የሚከፍለው አሉን። ቀሪውን 25 ከየት እናምጣ?

መልስ፦ ሁሉም ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። የበጎ ፈቃደኛ ጉልበትና በነጻ የተሰጠ ዕቃ ሊታሰብ ይችላል። ደቦ እኛ እናውቅበታለን። ችግራችን ወረቀት ላይ ነው። ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ማን ፈረመ? ያልተመዘገበ ደቦ ዜሮ ነው። ከመጀመራችሁ በፊትም ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ሌላም አለ፣ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ወጪው ከተደረገ በኋላ ነው። እስከዚያ ማን እንደሚሸፍን ካልተነጋገራችሁ መሃል ላይ ትቆማላችሁ።

ጥያቄ፣ ስልክ የተቋረጠባቸው አድማጭ፦ ልጆች ላይሰንስ ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አያስፈልግም። አዋቂዎች ሜሪላንድ ውስጥ ነጻ በተባሉ ቦታዎች ያለ ላይሰንስ ማጥመድ ይችላሉ፣ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። ምዝገባው በነጻ ነው።