ቤቱም ይሠራ፣ ማሳውም ይትረፍ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የፕላን ባለሙያዎች፣ አርሶ አደሮችና ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፤

ዛሬ በፊታችሁ ያለው የእርሻ መሬትን ከግንባታ ለመጠበቅ የሚከልል ረቂቅ ፕላን ነው። የእርሻ መሬት አለቀ ሲባል ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ከተማ ነው። ከተማው ሰፋ፣ ፋብሪካ መጣ፣ አውራ ጎዳና አለፈበት እንላለን። ሐሰት አይደለም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ማንም ልብ ሳይለው የሚሄደውን ነው፤ በማሳ መካከል ለብቻው የሚቆመውን ቤት።

ቤቱ ራሱ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ነገር ግን መንገድ፣ የመብራት ምሰሶና የውሃ መስመር ይከተሉታል። ማሳው ይቆራረጣል፤ ትራክተር መዞሪያ ያጣል። አዲሱ ነዋሪ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው የፍግ ሽታና የንጋት ሞተር ድምፅ አስቸገረኝ ብሎ አቤት ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ዋጋው ነው። አንድ ማሳ በቤት ቦታ ዋጋ ከተሸጠ፣ ጎረቤቱ መሬቱን በሚያወጣው ምርት መተመን ያቆማል። አርሶ ለመኖር የሚፈልግ ወጣት ያን ዋጋ ከየት ያመጣል? አንድ ሴንቲ ሜትር ለም አፈር እስኪፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ፈቃዱ ግን በአንድ ፊርማ ያልቃል።

ይህን በሕግ ለመግታት የሞከሩ አሉ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1973 ለእርሻ የሚሆነውን መሬት ከልሎ ያዘ፤ የተከለለው መሬት ዛሬ ወደ 4.7 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል፣ ከክፍለ ሀገሩ ስፋት 5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ቀዳዳው የተገኘው «የገበሬ ቤት» በሚለው ፈቃድ በኩል ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው በእርሻ መሬት ላይ ትልልቅ ቪላ ይገነባ ጀመር። በ2019 የመኖሪያ ቤት ስፋት በ500 ካሬ ሜትር የተገደበው ለዚህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ያም ቢሆን ሰፊ ነው።

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛትም በዚያው በ1973 ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ከተማ የሚያድግበትን ወሰን በካርታ ላይ እንዲያሰምር ተገደደ፤ ከወሰኑ ውጭ ባለው ምርጥ የእርሻ መሬት ላይ ቤት ልሥራ የሚል ደግሞ ከእርሻው በቂ ገቢ እንደሚያገኝ ማስረዳት አለበት። መሬታችን ዋጋ አጣ ያሉ ባለይዞታዎች ተቆጡ። በ2004 መራጩ ሕዝብ «ወይ ካሳ ይከፈላቸው፣ ወይ ገደቡ ይነሣላቸው» የሚለውን ሐሳብ አጸደቀ። የግንባታ ጥያቄው ሲጎርፍ ያው ሕዝብ በ2007 መልሶ አጠበበው። ግብፅ ደግሞ በ1983 በእርሻ መሬት ላይ መገንባትን በሕግ ከለከለች፤ በአባይ ዳር ያለው ግንባታ ግን አልቆመም፣ በተለይ ከ2011ዱ አብዮት በኋላ ባሰበት።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። «እዚህ አትሥራ» የሚል ፕላን «እዚያ ሥራ» ካላለ ዕድሜ የለውም። የገጠር ልጅ ጎጆ ይወጣል፤ መምህሯ፣ ነርሷ፣ የእርሻ ሠራተኛው ቤት ይፈልጋሉ። ይህን ፍላጎት እንደ ወንጀል ያየ ደንብ በሌሊት በሚቆሙ ግድግዳዎች ይሸነፋል።

እንግሊዞች ለዚህ ያበጁት መላ ይማርከኛል። በወትሮው ቤት በማይፈቀድበት የመንደር ዳርቻ አነስተኛ ቦታ ይፈቀዳል፤ ቤቶቹ ግን አቅሙ ውስን ለሆነ የአካባቢው ሰው ብቻ የተመደቡ ይሆናሉ፣ ያውም ለዘለቄታው። በገበያ ዋጋ ሊሸጥ ስለማይችል መሬቱም በርካሽ ይገኛል። የመሬት ነጋዴው ወለል ብሎ የሚታየውን ትርፍ ሲያጣ ራሱ ይሸሻል።

ስለዚህ ለዚህ ምክር ቤት የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ረቂቁ የሚከለለውን መሬት በዝርዝር አስቀምጧል፤ እያንዳንዱ መንደር ወዴት እንደሚያድግ ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። የአፈሩ ጥራት ይለካ፤ ደካማው መሬትና በመንደሩ ውስጥ ባዶ የቀረው ቦታ ቀድሞ ለቤት ይሰጥ። በልዩ ሁኔታ የተፈቀደ ቤት ሁሉ ለማን እንደተፈቀደ በይፋ ይመዝገብ፣ በየዓመቱም ይቆጠር። ይህ እስኪገባበት ድረስ ረቂቁ ባይጸድቅ እመርጣለሁ።

አመሰግናለሁ።