ቴሌቪዥንማ ቤት አለኝ

እንደምን አመሻችሁ? የእድራችን ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ጎረቤቶች፣ ከመሀል ከተማ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ እስከ የካ አባዶ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች ደግሞ ገመዱን እንዳትነኩ፣ አደራ።

ትያትሩ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ላውራ። ከኋላዬ የተወጠረውን ነጭ ሸራ ታውቁታላችሁ። የእድራችን ድንኳን ነው። አውሱን ብለን ስንለምን አንድ አባት «ለቅሶ የምንቀመጥበትን ድንኳን መጫወቻ ልታደርጉት ነው?» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን መጥተዋል፤ ያውም ከፊት ወንበር ነው የያዙት።

የመጀመሪያ ሙከራችንን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሮጀክተር ተከራየንና ልክ አጣን። ዝናብ ሲባል ዝናቡን በምስል፣ ገበያ ሲባል ገበያውን በምስል። ምስሉ እንዲደምቅ መብራት ስለቀነስን ተዋናዮቹ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። እነሱ ያለቅሳሉ፣ ሰው ሸራውን ያያል። ሲያልቅ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቴሌቪዥንማ ቤት አለኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ምስል በሳቸው ዓይን ነው የማየው። ምስሉን ሳጠፋው ትያትሩ ምንም ካልጎደለበት፣ እንደጠፋ ይቀራል።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ለንደን ውስጥ ጆን ፔፐር የተባለ ሰው እንደ መስኮት ወዲያውን የሚያሳይ ትልቅ መስታወት መድረክ ላይ አዘንብሎ አቆመ። ተመልካች በማያየው ቦታ የቆመ ሰው ላይ ብርሃን ሲለቅበት፣ ነጸብራቁ መድረኩ ላይ እንደ መንፈስ ታየ። ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ምንም! በ1920ዎቹ ደግሞ ኤርቪን ፒስካተር በርሊን ውስጥ ፊልምን ከተዋናይ ጋር ያሳይ ነበር። በ1958 ብራስልስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አልፍሬድ ራዶክና ዮሴፍ ስቮቦዳ የተባሉ የቼክ ሰዎች ቀጥለውበታል፤ አስተዋዋቂዋ ቀድሞ ከተቀረጸው የራሷ ምስል ጋር መድረክ ላይ ታወራ ነበር።

«ይሄ የኛ አይደለም» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት የመጀመሪያውን የአማርኛ ትያትር ሲያሳዩ፣ ትያትሩ ራሱ ለአገሩ እንግዳ ነበር።

የዛሬው ታሪክ የሁላችንም ነው። እናት እዚህ ኮንዶሚኒየም፣ ልጅ ቤይሩት። የሚገናኙት በስልክ ነው። ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ ከግድግዳው ወዲያ፣ የኮሚናሉ ጓዳ ውስጥ ናት። ስልክ ይቀርጻታል፣ ምስሏ በዋይፋይ ሸራው ላይ ይመጣል። ፕሮጀክተሩን ከፊት ስናደርገው የእናትየው ጥላ ልጅቷን ሸፈነብን። ከኋላ ስናዞረው ደግሞ ቦታው ጠበበ፤ ስለዚህ አሁን በመስኮት አውጥተነው ልብስ ማስጫው ጋ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። የመጀመሪያ ቀን ምስሉን መገልበጥ ረስተን «ቤይሩት» የሚለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ ስቀን ሞትን።

ያስቸገረን መዘግየቱ ነው። እናት «ደህና ነሽ?» ትላለች፤ ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ «ደህና ነኝ» ትላለች። ለማስተካከል ሳምንት ሙሉ ታገልን። አንድ ቀን እናትየውን የምትጫወተው ልጅ «ተዉት እስቲ። እኔ እኮ እህቴ ጋ ስደውል የምፈራው ይቺን ዝምታ ነው» አለች። ተውነው። አሁን ያቺ ዝምታ ከጻፍኩት ቃለ ተውኔት ሁሉ ትበልጥብኛለች። ደራሲ ሆኖ ይሄን ማመን ያማል።

ከዚያ በልምምድ መሀል መብራት ሄደ። ሸራው ጠፋ። ጓዳ ያለችው ግን አላወቀችም፤ ማውራቷን ቀጠለች። ድምጿ በግድግዳው አልፎ ቀጥታ መጣ። እናትየው ተነሥታ በጨለማ ሸራውን ዳሰሰችው። ማናችንም አልተነፈስንም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ቦታ ላይ ምስሉን እኛው እናጠፋዋለን። የት እንደሆነ አልነግራችሁም። መብራት በራሱ ጊዜ ከሄደም ከወንበራችሁ አትነሡ፣ የስልክ ባትሪም አታብሩብን። የትኛው የኛ፣ የትኛው የመብራቱ እንደሆነ ከለያችሁ ሲያልቅ ትነግሩኛላችሁ።

በሉ፣ ያንን አምፖል አጥፉልኝ።