መንፈስ ቃሉን ሲሰጥ፦ ፖሊስና ሙታን የሚገናኙባቸው ልቦለዶች

(ጨለማ ስክሪን። ከሩቅ የፈረስ ኮቴ ይሰማል።)

አንዲት ሴት ከኖርማንዲ ገጠር ድረስ መጥታ ፓሪስ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ቆማለች። ከአለቃው በቀር ለማንም አልናገርም ባይ ናት። አለቃው ወጥቶ ሲያናግራት ጉዳዩን ታስረዳዋለች። ልጇ ሌሊት በጫካ መንገድ የሙታን ሠራዊት በፈረስ ሲያልፍ አይታለች። ሠራዊቱ አራት በሕይወት ያሉ ሰዎችን ይዟል። ሦስቱን ለይታቸዋለች፣ አራተኛውን አላወቀችውም። በአገሩ እምነት ደግሞ ሠራዊቱ የያዘው ሰው ብዙ አይሰነብትም። ከሦስቱ አንዱ ከወዲሁ የገባበት ጠፍቷል።

እናንተ ፖሊስ ብትሆኑ መዝገቡ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፉታላችሁ?

(ርዕስ ይገባል።)

ሰላም ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው ፖሊስ እየመረመረ መንፈስ ጣልቃ ስለሚገባባቸው ልቦለዶች ነው። አሁን የነገርኳችሁ ታሪክ የፈረንሳዊቷ ደራሲ የፍሬድ ቫርጋስ ነው፤ መጽሐፉ በ2011 ወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ ግን ሕጉን እንወቅ። ሕግ አለው እንዴ? አዎ፣ አለው። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ለመርማሪ ልቦለድ ዐሥር ሕጎች አወጣ። ከነዚያ አንዱ መንፈስና ተአምር ጨርሶ እንዳይገቡ ይከለክላል። የሚገርመው ሰውዬው የካቶሊክ ቄስ ነው! ምክንያቱ ግን ይገባል። አንባቢው ከመርማሪው ጋር እኩል እየተፎካከረ ነው። ገዳዩ በግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ከሆነ ጨዋታው ፈረሰ።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ብዙዎቹ እንደዚያው ይጽፉ ነበር። ኮናን ዶይል በ1901 ማተም የጀመረው የባስከርቪል ውሻ ታሪክ አለ። እሳት የሚተፋ የሚመስል ውሻ ሰው ያሳድዳል። መቶ ዓመት ስላለፈው መጨረሻውን ብነግራችሁ አትቀየሙኝም፤ ውሻው ፎስፈረስ የተቀባ ተራ ውሻ ነው። የመርማሪው የሼርሎክ ሆልምስ ጓደኛ ዋትሰን ጣቱን አስነክቶ ያረጋግጣል፣ ነገሩ አለቀ።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። በ2011 ቤን አሮኖቪች በጻፈው ልቦለድ አንድ ጀማሪ የለንደን ፖሊስ ኮቨንት ጋርደን የግድያ ቦታ ሲጠብቅ አንድ ሰው ግድያውን አይቻለሁ ይለዋል። ችግሩ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። ፖሊሱ ምን አደረገ? ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቃሉን መቀበል ጀመረ። ምስክር ምስክር ነው፣ ምን ያድርግ! ይሄ አያስፈራም፣ ያዝናናል እንጂ።

እኔን የሚይዙኝ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። ቫርጋስን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

(ምስል፦ የድሮ የብራና ጽሑፍ።)

ይህች ደራሲ ዝም ብላ አልፈጠረችውም። ትክክለኛ ስሟ ፍሬደሪክ ኦዱዋን ሩዞ ነው። ሙያዋ አርኪዮሎጂ ነው፣ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ አበጥራ ታውቃለች። የሙታኑ ሠራዊት ታሪክ ከ900 ዓመት በፊት ኦርደሪክ ቪታሊስ የተባለ መነኩሴ ኖርማንዲ ገዳም ውስጥ ተቀምጦ የጻፈው ነው።

እሱ እንደሚለው በ1091፣ ጃንዋሪ 1 ሌሊት፣ አንድ ቄስ በሽተኛ ጠይቆ ሲመለስ ሠራዊቱን አገኘው። ከሚያልፉት መካከል በቅርቡ የሞቱ ጎረቤቶቹ ነበሩበት። ቄሱ ታዲያ ምን አሰበ? «ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?» አለና ማስረጃ ፍለጋ ገባ። ጋላቢ ከሌላቸው ፈረሶች አንዱን ሊይዝ ሞከረ። እርካቡ ላይ ሲረግጥ እግሩን እንደ እሳት ፈጀው፣ ልጓሙ ደግሞ እጁን አደነዘዘው። አንዱ ፈረሰኛ መጥቶ አንገቱን ሲያንቀው ጠባሳ ቀረበት። ኦርደሪክ ታሪኩን ከራሱ ከቄሱ አፍ እንደሰማና ጠባሳውንም በዐይኑ እንዳየ ጽፏል።

ልብ በሉ፤ ቀን አለ፣ ቦታ አለ፣ የምስክር ቃል አለ፣ የአካል ጉዳት አለ። ከፖሊስ ሪፖርት የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

ቫርጋስ ከዚህ ላይ ትነሳለች። የእሷ ኮሚሴር አዳምስበርግ፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋን ያናገራት የፖሊስ አለቃ፣ ሐሳበ ብዙ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። በዚሁ መጽሐፍ አንድ ሰው እግሮቹን በክር አስሮ የጣለው እርግብ ያገኛል። ግድያ እያለበት ክሩን ለምርመራ ይልካል፤ ማን እንዳሰረው ማወቅ አለበት! ምክትሉ ዳንግላር ደግሞ ያነበበውን የማይረሳ፣ ነጭ ወይን የሚወድ፣ በአለቃው ነገር የሚበግን ሰው ነው።

አዳምስበርግ ሠራዊቱ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብሎ አይከራከርም። እምነቱ እንደሚለው ሠራዊቱ የሚይዘው ክፉ ሠርቶ ሳይቀጣ የቀረን ሰው ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስም ስትጠራ ጥያቄው ይቀየራል። እነዚህ ሰዎች ምን አድርገው ነበር? መንደሩስ ይህን ከመቼ ጀምሮ ያውቃል? ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ የተወው ነገር በሙታን አፍ ወጣ ማለት ነው። የእነዚህ ልቦለዶች ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንፈሱ እውነት ባይሆንም ቃሉ ማስረጃ ነው። ያንን ስም ዝርዝር የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ በሥጋና በአጥንት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።

(ምስል፦ በር ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ የተገለበጠ 4።)

በ2001 ባወጣችው መጽሐፍ ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ምርመራውን ሲያበላሽ ታሳያለች። ፓሪስ ውስጥ በአፓርታማ በሮች ላይ የተገለበጠ 4 ቁጥር ይጻፋል። ከየሕንፃው አንድ በር ብቻ ይዘለላል። ምልክቱ ድሮ ሰው ከወረርሽኝ ለመዳን ይጠቀምበት የነበረ ነው፤ ስለዚህ መፍራት ያለበት በሩ የተዘለለው ሰው ነው። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሰዉ ራሱ ቀለም ገዝቶ በሩ ላይ መጻፍ ያዘ። ፖሊስ አሁን የገዳዩን 4 ከጎረቤቱ 4 በምን ይለይ? ደራሲዋ ስለ ወረርሽኝ ታሪክ ራሷ ያጠናች ምሁር ስለሆነች ዝርዝሩ የሚታመን ነው።

መልስ የማይሰጡም አሉ። የአየርላንዷ ታና ፍሬንች በ2007 የጻፈችው ልቦለድ መርማሪው በልጅነቱ ሁለት ጓደኞቹ ጫካ ውስጥ የጠፉበት ነው። የአሁኑ ግድያ ይፈታል፣ የድሮው ግን እንደተዘጋ ይቀራል። መጽሐፉን ወርውሬው ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ትክክል ናት አልኩ፤ ስንት መዝገብ ነው ሳይዘጋ የሚቀረው?

(ምስል፦ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ።)

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ፤ ለእኛ ይሄ ልቦለድ ብቻ አይደለምና። ሌባ ሻይ የሚባለውን ሰምታችኋል? ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክራል። ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርና አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሰፈሩን ይዞራል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ፣ ክፈል ተባለ። ኋላ ላይ ተከለከለ እንጂ ከሹሞች ጋር አብሮ የሚሠራ ምርመራ ነበር።

ከእናንተ መካከል ልቦለድ የሚጽፍ ካለ ይሄን ይውሰድልኝ። መርማሪው መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም እያለ ጊዜውን አያጥፋ። መጀመሪያ የመቀነቱን ጫፍ የያዘውን ሰውዬ ጠርቶ ያስቀምጠውና፣ ከተከሰሰው ሰው ጋር ምን ጠብ እንዳለው ይጠይቀው።