ልጇ የታመመባት ሠራተኛ ምን ፈቃድ ትጠይቅ?
ኮምቦልቻ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣችሁ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ከደሴ የደረሳችሁልን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ ይዤ የቀረብኩት አንድ ጉዳይ ነው፦ ልጁ የታመመበት ሠራተኛ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ፈቃድ ይሰጠዋል። ልጁ ሲታመምበት ግን ለይቶ ያስቀመጠለት ነገር የለም። ያለው ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጥ፣ ደመወዝ የሌለው፣ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ አያልፍም። ልጇ በሳንባ ምች የተያዘባት እናት እንግዲህ ወይ ደመወዟን ታጣለች፣ ወይ የዓመት ፈቃዷን ትጨርሳለች፣ ወይ «የታመምኩት እኔ ነኝ» ብላ ወረቀት ታመጣለች። የመጨረሻው ሲደረስበት ከሥራ ያስወጣል። እውነቱን ተናግራ የምትጠይቀው ፈቃድ ሳይኖር «ዋሸች» ማለት ለእኔ ፍርድ አይመስለኝም።

አዲስ ከመጠየቃችን በፊት ግን ያለውንም በቅጡ እንወቀው። የሕመም ፈቃድ የሚያገኘው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ በድምሩ እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 6ቱንም ወር ቢታመም የሚያገኘው በጠቅላላ 6,000 ብር ነው ማለት ነው። ደመወዝ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ቀኖቹ ተቆራርጠው ሲወሰዱ ነው፦ መስከረም ላይ 10 ቀን፣ ጥር ላይ 25 ቀን የታመመ ሠራተኛ በግማሽ የሚታሰቡበት የመጨረሻዎቹ 5 ቀናት ብቻ ናቸው። የጥር 25ቱም ቀን በግማሽ ከተሰላ ተበድሏል።

ሌላው መብታችንን የሚያስበላን የሕክምና ወረቀቱ ነው። ከፋርማሲ የተሰጠ ደረሰኝ ወይም የመድኃኒት ማዘዣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስም፣ የተመረመረበት ቀን፣ የተፈቀደው የዕረፍት ቀን ብዛት፣ የሐኪሙ ፊርማና የጤና ተቋሙ ማኅተም ይኑርበት። አሠሪው ደግሞ በቀረንበት ማግሥት እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ለአለቃ በስልክ መናገር ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን ግን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቀን የተጻፈበትን ኮፒም ያዙ። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው፤ ከሥራ የተባረረ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው 3 ወር ነው። እንደ ዋዛ ያልፋል።

በልብስ ስፌት ፋብሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ ቦነስንና ማበረታቻን ደመወዝ አይላቸውም። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ሙሉ ይከፈላል ሲባል መነሻ ደመወዙ ማለት ነው፤ ባለመቅረት የሚገኘው የወር ጉርሻ ይቀራል። ሰው ትኩሳቱን ይዞ ማሽን ላይ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ማኅበርና አሠሪ በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዲገባ የምናቀርበው አንቀጽ ይኸው፦ ከ7 ዓመት በታች ልጅ ላላት እናት ወይም ላለው አባት፣ በዓመት 6 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር፣ በግማሽ ቀንም መከፋፈል የሚችል፣ በልጁ የሕክምና ካርድ የሚረጋገጥ፣ የወር ጉርሻንም የማያስቀር። አባቶችን ያስገባነው ለጌጥ አይደለም። ፈቃዱ የእናት ብቻ ከሆነ ሴት ላለመቅጠር ሰበብ ይሆናል።

አሠሪው «የስፌት መስመሩ ይቆምብኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እጅጌ የሚሰፋው ከቀረ ቀጥሎ ያለው ሥራ ይፈታል። ግን እናስላው። 40 ሰው ያለበት መስመር ላይ ሁሉም ወላጅ ቢሆኑና 6ቱንም ቀን ቢወስዱ በዓመት 240 ቀን ነው። አንድ ተጠባባቂ ሰፊ የዓመት ፈቃዱና ሕዝባዊ በዓሉ ተቀንሶ 280 ቀን ገደማ ይሠራል። ለአንድ መስመር አንድ ተጠባባቂ ይበቃል፤ ነገር ግን ሁሉንም የስፌት ደረጃ የሠለጠነ መሆን አለበት።

የወሊድ ፈቃዱ፣ 30 ቀን ቅድመ ወሊድና 90 ቀን ድኅረ ወሊድ፣ በሙሉ የሚከፈለው ከአሠሪው ኪስ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል፤ ከዚያ ግን ለወሊድም ለሕመምም የሚከፈል የለም። ወጪው በጋራ መዋጮ ካልተሸፈነ ወጣት ሴት መቅጠር እንደ ዕዳ መታየቱ አይቀርም። ለዚህ የፌዴራል ሕግ ያስፈልጋልና ጥያቄውን በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በኩል እንገፋለን። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156ን ካጸደቁት አገሮች አንዷ መሆኗም ክርክራችንን ያጠነክረዋል።

የልጅ ሕመም ፈቃዱ ግን አዲስ አዋጅ አያስጠብቀንም። የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ መብት መስጠት ይችላል። ስምምነታችሁ የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ ከ3 ወር በፊት የድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ። ማኅበር የሌላችሁ 10 ሠራተኛ ካላችሁ መመሥረት ትችላላችሁ። የአንቀጹ ረቂቅ በየጠረጴዛው ተቀምጧል፤ ከሻይ በኋላ በየፋብሪካችሁ ተቧድናችሁ የቀኑን ብዛትና የልጁን ዕድሜ ተከራከሩበት፣ ማሻሻያችሁንም ለጸሐፊዋ በጽሑፍ ስጡ።