ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊስ ለመሆን ሲቲዝንነት ግዴታ ነው እንዴ?

ሄኖክ፦ እሺ ሊያ፣ የዛሬው ጥያቄ ካንቺ ቤት ነው የመጣው አይደል?

ሊያ፦ አዎ፣ የእህቴ ልጅ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ነው ያለው፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ፖሊስ መሆን ይፈልጋል፣ ያገኘው ሰው ሁሉ ግን "ሲቲዝን ሳትሆን አትልፋ" ይለዋል።

ሄኖክ፦ እሱ የድሮ ወሬ ነው። ካሊፎርኒያ ኤስቢ 960 የሚባል ህግ አውጥታ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሲቲዝንነት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፣ የስራ ፈቃድህ ህጋዊ ከሆነ ማመልከት ትችላለህ። ስቴት ከስቴት ግን ይለያያል፣ ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ የነገረውን ሰምቶ ተስፋ የቆረጠ ስንት ልጅ አለ መሰለሽ!

ሊያ፦ እድሜስ? 18 ይበቃል ሲባል ነበር።

ሄኖክ፦ ከ2022 ወዲህ 21 ሆኗል። ከዛ አሻራ፣ ከባድ ወንጀል የሌለበት፣ የጤናና የስነልቦና ምርመራ። ትምህርቱ ላይ ግን ልብ በሉ፣ አገር ቤት የጨረስነው 12ኛ ክፍል ብዙ ጊዜ አይያዝም፣ ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) መፈተን ወይ እዚህ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ሊያ፦ እኔን ያስጨነቀኝ ፎርሙ ነው። ሁለት ሌሊት ኪችን ጠረጴዛ ላይ አብሬው ቁጭ ብዬ ሞላን፣ ያለፉትን 10 ዓመታት የኖርክበት ቤት በሙሉ፣ አብሮህ የኖረ ሰው፣ የሰራህበት ቦታ፣ ስራ የፈታህበት ጊዜ ሳይቀር ይጠይቃል። ልጁ እንደመጣ ኢንግልዉድ አራት ሆነው አንድ ክፍል ነበሩ፣ አንዱን "ቡቼ" ከማለት ውጪ ስሙን አያውቀውም፣ ስንደውል ስንደውል ውለን ነው ከነአባቱ ያገኘነው! ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ላይ ልደቱ 1993፣ ግሪን ካርዱ ላይ 2001፣ የኛን አቆጣጠር ለማያውቅ ሰው ሁለት ሰው ነው የሚመስለው፣ ማብራሪያ ጽፈን አያያዝን።

ሄኖክ፦ ጎበዝ፣ ሳይጠየቅ ማስረዳት ጥሩ ነው።

ሊያ፦ ከዛ ከአንድ የፓርኪንግ ስራ ተባሮ ነበር፣ "እቺን እንዝለላት" አለኝ።

ሄኖክ፦ እንዳያደርገው! መባረር ብቻውን አይጥለውም፣ መደበቅ ግን ይጥለዋል፣ ፎርሙ ላይ ራሱ ተጽፏል። ፎርሙን የሚያጣራው መርማሪ እኮ የድሮ አለቃውንም ይጠይቃል። ፖሊስ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚመሰክር ሰው ነው፣ ቃሉ ካልታመነ ምን ይሰራል?

ሊያ፦ ጻፍናት። ሶስት ቀን አርፍዶ እንደተባረረ ጭምር። አሁን ለጽሁፍ ፈተናው እያነበበ ነው፣ የሚበዛው እንግሊዝኛና አንብቦ መረዳት ስለሆነ ማታ ማታ ስልክ ላይ ጮክ ብሎ ያነብልኛል።